ሸማና ካውያ
ልብስን ያለ እሳት የማስተካከል ብልሃት በመካነ ኢየሱስ አካባቢና በአገሪቱ

በአማርኛ «ተኮሰ» የሚለው ግስ ሦስት ልዩ ልዩ ተግባሮችን ይገልጻል። የባህል ሐኪም የታመመውን ገላ በጋለ ብረት ሲነካ ተኮሰ ይባላል። ወታደር የጠመንጃውን ቃታ ሲስብ ተኮሰ ይባላል። የተጨማደደ ሸሚዝን በጋለ ብረት የሚያስተካክል ሰውም እንዲሁ ተኮሰ ይባላል። ከሦስቱ የመጀመሪያው የቆየ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሁለተኛው ከጠመንጃ ጋር፣ ሦስተኛው ከካውያ ጋር የተጨመሩ ናቸው። ካውያ የሚለው የመሣሪያው ስም ራሱ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን፣ በዐረብኛም ሥርወ ቃሉ ገላን በጋለ ብረት መተኮስንና ልብስን መተኮስን በአንድነት ያመለክታል።

ከዚህ አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። ልብስን በእሳት ኃይል ማቃናት በአገራችን የራሱ የሆነ ጥንታዊ ስም አልነበረውም፤ መሣሪያው ከባሕር ማዶ፣ ግሱም ከሕክምና ተወስዶ ነው የተሰየመው። ነገር ግን ካውያ ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት ሕዝቡ ነጭ ልብስ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስም፣ ሠርግ ይታደም፣ ችሎት ይቆም ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል የሚያሳየው ልብስ በበዓል ቀን አምሮ መታየት ግዴታ የነበረ መሆኑን ነው። እንግዲያስ ያ ልብስ ታጥቦና ደርቆ ሳለ ያለ ካውያ እንዴት ተስተካክሎ ይለበስ ነበር? ይህ ጥያቄ ተራ የቤት ጉዳይ ቢመስልም፣ ስለ አንድ ሕዝብ የእጅ ሙያ፣ የሥራ ክፍፍልና የክብር ሚዛን ብዙ የሚናገረው አለው።

አገሩና ልብሱ

መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ ስትገኝ፣ ከበላይዋ የጉና ተራራ፣ ከበታችዋ የዓባይ ሸለቆ ይገኛሉ። በስተ ምሥራቅ ያሉት የጋይንትና የስማዳ አገሮች ከደጋው ተነሥተው ወደ በሽሎ ቆላ ይወርዳሉ። በአንድ አካባቢ ገብስና በግ የሚገኝበት ውርጭ፣ እንዲሁም ጥጥ ሊበቅል የሚችልበት ሙቀት በጥቂት ቀን መንገድ ተቀራርበው መኖራቸው የሕዝቡን አለባበስ ወስኖታል።

በደጋው የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባናና በርኖስ ይሠራበታል። ከቆላው የሚመጣው ጥጥ በመዳመጫ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ከተፈተለ በኋላ ከሸማኔው እጅ ይደርሳል። ፈትሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ሙያ ነበር። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ የሚያወጣው ሸማ እንደ ድርቡ ልዩ ልዩ ስም ይሰጠዋል። ነጠላ ስሙ እንደሚያመለክተው ስስ ነው፤ ኩታ ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ ለብርድና ለመኝታ ያገለግላል፤ ቡልኮ ከዚያም የከበደ ነው።

ከጥጥ ልብስ በታች ደግሞ የቆዳ ልብስ ነበረ። እረኛው ለምድ፣ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ይለብሳል። የጋይንት ምድር የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማእከል የሆነችው ዙር አምባ የሚገኙባት አገር ናት። ወደነዚህ ጉባኤ ቤቶች ከየአገሩ የሚጎርፈው ተማሪ በደበሎ ዘመኑን ይፈጽምና፣ ተመርቆ በቅኔ ማሕሌት ሲቆም ነጭ ኩታ ይለብሳል፤ ራሱንም በነጭ ጨርቅ ይጠመጥማል። ስለዚህ በዚያ አገር ነጭና የተስተካከለ ሸማ የሀብት ምልክት ብቻ አልነበረም። የትምህርትና የማዕረግ ምስክርም ነበር።

ጨርቅ ለምን ይጨማደዳል?

የቀድሞ ሰዎች ያደርጉት የነበረውን ለመረዳት የጨርቅን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የጥጥ ጭረት የተሠራው ሴሉሎስ ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የሴሉሎስ ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው በደካማ የሃይድሮጅን ማሠሪያዎች የተያያዙ ናቸው። ጥጥ በውሃ ሲርስ ውሃው በሰንሰለቶቹ መካከል ገብቶ ማሠሪያዎቹን ያላላል፤ ሲደርቅ ግን ማሠሪያዎቹ ጨርቁ በዚያች ሰዓት በተገኘበት ቅርፅ ላይ እንደገና ይጠብቃሉ። ተጨምቆና ተጠቅልሎ የደረቀ ጨርቅ ጭምድድ እንዳለ ይቀራል፤ ተወጥሮ የደረቀ ጨርቅ ደግሞ ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ካውያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እርጥበቱን በሙቀት አፋጥኖ ያወጣና ጨርቁን በክብደቱ ደፍጥጦ ያደርቀዋል። እሳቱ ሥራውን ያፈጥነዋል እንጂ የሥራው መሠረት ውሃና ክብደት ናቸው።

የበግ ጠጉር ከዚህ የተለየ ነው። የጠጉር ጭረት በተፈጥሮው የተጠማዘዘ የፕሮቲን ጭረት ስለ ሆነ ታጥፎ ሲለቀቅ እንደ ሽቦ ጥቅልል ወደ ቦታው ይመለሳል። በደጋው በርኖስ የለበሰ ገበሬ ስለ ጭምድድ ያልተጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጭንቀቱ የጥጥ ለባሹ ነበር።

ይህን እውነት የተረዱ ሕዝቦች በየአገሩ ካለ እሳት የሚሠራ መላ አበጅተዋል። በሰሜን አውሮፓ ከቫይኪንጎች ዘመን መቃብሮች እንደ እንጉዳይ ራስ የከበቡ የብርጭቆ ማለስለሻዎች ተገኝተዋል፤ በስካንዲናቪያ አገሮችም እርጥቡን የበፍታ ጨርቅ በእንጨት ዘንግ ላይ ጠቅልለው በሳንቃ የሚያንከባልሉበት ልማድ እስከ ቅርብ ዘመን ቆይቷል። ቻይናውያን ግን በከሰል በተሞላ የብረት መጥበሻ መሰል ዕቃ ልብስ ማስተካከልን ቀድመው አውቀዋል። በግብፅ ታርካን ከተባለ የመቃብር ሥፍራ የተገኘው ከ5 ሺሕ ዓመት በላይ የሆነው የበፍታ ቀሚስ ደግሞ ሆን ተብሎ የተሸበሸበ ነው። ከዚህ የሚታየው የጨርቅ መታጠፍ በራሱ ነውር አለመሆኑን ነው። ነውር የሚሆነው ሰው ሳያዝዘው ሲታጠፍ ነው። በአማርኛም ሽብሽብና ጭምድድ የሚሉት ቃላት ይህንኑ ልዩነት ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ጌጥ፣ ሁለተኛው ጉድለት ነው።

ወንዝ፣ እንዶድና ፀሐይ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1770 እስከ 1771 ድረስ በጎንደር ተቀምጦ ያየውን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሲገልጽ ስለ ልብስ አጠባ የጻፈው ነገር ዛሬ ለሚያነብበው ያስደንቃል። ወንድ ገበያ ወርዶ ዕቃ ቢገዛ፣ ውሃ ቢቀዳ ወይም እንጀራ ቢጋግር ነውር ሲሆንበት፣ የወንዱንም የሴቲቱንም ልብስ ማጠብ ግን የእርሱ ግዴታ እንደ ነበረና ሴቶች በዚህ ሥራ ሊያግዙት እንደማይችሉ አስፍሯል።

ይህ የሥራ ክፍፍል ከአጠባው ዘዴ ጋር የተያያዘ ይመስላል። እርጥብ ጋቢ ከባድ ነው። ታጥፎ የተሰፋ ሰፊ ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ በእጅ አሽቶ ማጠብ አይቻልም፤ በወንዝ ዳር በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ በእግር ይረገጣል። መርገጡም ሥርዓት አለው። ልብሱ በወርዱ ታጥፎ ይደረደራል፤ አጣቢው ተረከዙን እያሳረፈ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከዚያ ገልብጦ ይደግማል። እንዲህ ሲሆን ቆሻሻው በግፊት ይወጣል፤ ድርና ማጉ ግን በእጅ ሲታሽ እንደሚሆነው አይዛባም። ጨርቁን ሳያጣምሙ በጠፍጣፋው ማጠብ የመጀመሪያው ከጭምድድ መከላከያ ነበር።

ሁለተኛው እንዶድ ነው። የእንዶድ ተክል በደጋውና በወይና ደጋው በአጥርና በገደል አፋፍ ይበቅላል። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሳፖኒን እንደ ፋብሪካ ሳሙና ከስብ የተሠራ ጨው ስላልሆነ፣ ጠጣር ማዕድን ካለበት ውሃ ጋር ሲገናኝ በጨርቁ ላይ የሚቀር ነጭ ዝቃጭ አይፈጥርም። ዝቃጭ ያልያዘ ጭረት ልስላሴውን አይለቅም፤ ለስላሳ ጭረትም ሲደርቅ እንደ ቆርቆሮ አይገትርም። እናቶች «ነጭ ልብስ የሚወደው እንዶድ ነው» ሲሉ የኖሩት ይህንን በዓይን አይተው ነው።

የእንዶድ ታሪክ በዚህ ብቻ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሐርዝያ በሽታ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የበሽታው አስተላላፊ የሆኑ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከተ። ከዚህ ተነሥቶ እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድል መሆኑን በምርምር አረጋገጠ። ለዚህ ሥራቸው እርሱና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በዓለም የሳይንስ መድረክ ከታወቁት የኢትዮጵያ ግኝቶች አንዱ የተገኘው በልብስ አጠባ ቦታ መሆኑን የልብስ ሙያተኛ ሊዘነጋው አይገባም። አንድ ሌላ ነገርም መታየት አለበት። ብሩስ በጎንደር አጣቢው ወንድ እንደ ነበረ ጽፏል፤ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዓድዋ ወንዝ ዳር የታዩት ግን ሴቶች ናቸው። አገሩ ቢለያይም የሥራ ክፍፍሉ በሁሉም ስፍራና ዘመን አንድ እንዳልነበረ ከሁለቱ ምስክርነቶች ይታያል።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። የታጠበው ሸማ ሁለት ሰዎች ከሁለት ጫፍ ይዘው ያራግፉታል፤ ይወጥሩታል፤ ጥለቱ ከጥለቱ እንዲገጥም አድርገው ያቃኑታል። ከዚያ በንጹሕ መስክ ላይ ይሰጣል። ሣሩ ጨርቁን በብዙ ነጥብ ይዞ ያስቀረዋል፤ ፀሐዩም ያነጣዋል። በገመድ የሚሰጣ ከሆነ ውሃው ፈጽሞ ሳይጨመቅ ይንጠለጠላል፤ የሚንጠባጠበው ውሃ በራሱ ክብደት ጨርቁን ወደ ታች እየሳበ እጥፋቱን ይፈታል። ዛሬ በውጭ አገር በሚሠሩ ልብሶች አንገት ላይ «ሳትጨምቅ አንጠልጥል» ተብሎ የሚጻፈው መመሪያ ይህንኑ የሚያዝ ነው።

አራተኛው ማጠፍ ነው። ልብሱ ፈጽሞ ሳይደርቅ፣ እጅ ሲነካው ቀዝቀዝ ሲል ተነሥቶ በጥለቱ መስመር ይታጠፋል። ጥለቱ በቀለም ድርብ ማግ የተሠራ በመሆኑ ከቀረው ክፍል ይልቅ ጠንከር ያለ ነው፤ ስለዚህ ለማጠፊያው እንደ ማስመሪያ ያገለግላል። የታጠፈው ሸማ ከቁርበት በታች ተነጥፎ ይታደርበታል፤ ወይም በሣጥን ከሌሎች ልብሶች ሥር ይቀመጣል። የሰውነት ሙቀትና ክብደት የቀረውን እርጥበት ቀስ ብሎ ያወጣዋል። ይህ ቀስ ብሎ የሚሠራ ካውያ ነው። በየቀኑ የሚለበሰው ደግሞ በግድግዳው ውስጥ በተቀበረ የበሬ ቀንድ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ የቀንዱ ክብ ቅርፅ እንደ ችንካር ጨርቁን አይጎዳም፤ ሹል ምልክትም አይተውም።

የበዓላት ወቅትም ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነበር። የጥምቀት በዓል ጥር 11 ቀን የሚውለው ሰማዩ በጠራበት፣ ወንዙ በጠራበት፣ ጭቃ በሌለበት ወራት ነው። በክረምት ግን ውሃው ሞልቶ ፀሐይ ይጠፋል፤ ልብስ እርጥብ እንዳለ ሊሸት ይችላል። በዚህ ምክንያት የክቡር ልብስ አጠባ ወደ በጋ፣ የክረምቱም ኑሮ ወደ ባናና ወደ በርኖስ ያዘነብል ነበር።

አለባበስ ራሱ መላ ነበር

እስካሁን የተጠቀሰው ሁሉ ጭምድድን ስለ ማስወገድ ነው። ከዚህ የበለጠው ብልሃት ግን ጭምድድ የማይጎዳውን ልብስ መልበስ ነበር። ሸማ አይቆረጥም፤ በገላ ልክ አይሰፋም፤ ይደረባል። ፈትሉ በእጅ የተፈተለ፣ ሽመናውም ላላ ያለ በመሆኑ ክሮቹ ሲታጠፉ መንሸራተቻ ቦታ አላቸው፤ ስለዚህ እጥፋቱ ስለታም አይሆንም። ደግሞም ከትከሻ ወደ ታች የሚወርድ ሸማ በተፈጥሮው በመቶ እጥፋት የተሞላ ነው። ከነዚህ መካከል የትኛው ከሣጥን የመጣ፣ የትኛው ከአለባበስ የመጣ መሆኑን ማንም አይለይም።

ትርጉሙም በአለባበሱ ላይ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነጠላውን ያጣፋል፤ በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ያደገድጋል፤ ሐዘን ላይ ያለ አዘቅዝቆ ይለብሳል። ተመልካች የሚፈርደው ጨርቁ ቀጥ ማለቱን አይቶ አልነበረም፤ ባለቤቱ ሥርዓቱን ማወቁን አይቶ ነበር። ድሀው አንድ ጋቢ ብቻ ቢኖረው፣ ቀን ለብሶት ሌሊት ተኝቶበት ቢነሣ፣ ንጹሕ ሆኖ በወጉ እስከ ተጣፋ ድረስ በአደባባይ የሚያሳፍረው ነገር አልነበረም። የመስተካከል ሚዛኑ ገንዘብ ሳይሆን ዕውቀት ነበር ማለት ይቻላል።

የካውያ መምጣት

ይህን ሚዛን የለወጠው በልክ የተሰፋው ልብስ ነው። ኮትና ሱሪ የተቆረጡት በቀጥታ መስመር ነው። ከመስመሩ የወጣ እጥፋት ሁሉ እንደ ስሕተት ይታያል። በአውሮፓ የሱሪ የፊት መስመር የተለመደው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ካውያም እ.ኤ.አ. በ1882 ሄንሪ ሲሊ በተባለ የኒውዮርክ ሰው የፈጠራ መብት አግኝቷል። ልብሱና መሣሪያው አንዱ ሌላውን እየደገፈ ወደ ዓለም ተሰራጨ።

በኢትዮጵያም የቤተ መንግሥት ሹማምንት፣ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና የሠለጠነው ጦር የውጭ አገር ልብስ በለበሱ ቁጥር ካውያ ተከተለ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣሊያ ወረራ ካለፈ በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ሲበዛ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የጸሐፊ፣ የመምህርና የፖሊስ መታወቂያ ሆነ። የከሰሉ ካውያ ክዳን ያለው የብረት ሣጥን ነበር። ፍም ይሞላበታል፤ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች አየር እንዲገባ በእጅ ይወዛወዛል። ከቀዳዳው የሚያመልጥ አንድ ብልጭታ ነጭ ሸሚዝ ያበላሻል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዋና ዋና ከተሞች ውጭ ያሉ የወረዳ ከተሞች ግን ብዙ ዘመን በከሰል ቆይተዋል።

ካውያው ከዘመናዊነት ጋር አዲስ ልዩነትም ይዞ መጣ። ከሰል ገንዘብ ነው፤ ካውያ ገንዘብ ነው፤ የሚተኩስ እጅም ዋጋ አለው። በከተማ ቤቶች ሥራው በቤት ሠራተኞች ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ላውንደሪ የሚከፍል ከፈለ። የማይችለው የገጠር ተማሪ ግን ወደ አያቶቹ ብልሃት ተመለሰ። ሱሪውን ማታ ውሃ ረጭቶ በመስመሩ አጥፎ ከፍራሽ ሥር አነጠፈና ተኛበት። አያቶቹ ከቁርበት በታች ያደርጉት የነበረውን ኩታ ትቶ በኮት ሱሪ ላይ ያንኑ ሕግ ፈጸመ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሠማሩ፣ ካኪ ልብስ ይዘው ካውያ ወደሌለበት አገር መሄዳቸው ነበር። ከተማና ገጠር በአንድ ወንዝ ዳር የተገናኙበት ጊዜ ነው።

ካውያ የማይሻ ጨርቅ

የዓለም ኢንዱስትሪም ጭምድድን ከምንጩ ለማድረቅ ደክሟል። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የነበረው የቱታል ኩባንያ ኬሚስቶች በ1920ዎቹ ማብቂያ ጥጥን በዩሪያና በፎርማልዲሃይድ ሙጫ በማከም እንዳይጨማደድ የሚያደርግ ዘዴ አገኙ። ሙጫው የሴሉሎስን ሰንሰለቶች ውሃ በማያላላው ጽኑ ማሠሪያ ያገናኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዛውያኑ ዊንፊልድና ዲክሰን የፖሊስተርን ጭረት ፈጠሩ። ከዓለም ጦርነት በኋላም አሜሪካዊቷ ኬሚስት ሩት ቤነሪቶ በኒው ኦርሊየንስ በተደረገ ምርምር የጥጥ ልብስ ታጥቦ ሳይተኮስ እንዲለበስ ለሚያስችለው ዘዴ ታላቅ አስተዋጽኦ አደረገች።

እነዚህ ግኝቶች ዋጋ አላቸው። ፎርማልዲሃይድ ቆዳን ያስቆጣል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተራ መድቦታል። ለዚህም ፋብሪካዎች መጠኑን ለመቀነስ ተገደዋል። የታከመው ጥጥም ከጥንካሬው ይቀንሳል። ፖሊስተር ደግሞ በፋብሪካ በሙቀት ቅርፁን ስለሚይዝ አይጨማደድም፤ ነገር ግን ላብ አይጠጣም፤ በእሳት አጠገብም ይቀልጣል። በምድጃ ዙሪያ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥጥ ጋቢ ፍም ቢነካው ይከስላል እንጂ ቀልጦ በገላ ላይ አይጣበቅም።

በአገር ውስጥ ከኢጣሊያ የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሰሜን ምዕራቡ የአገራችን ክፍል የፋብሪካ ጥጥ አቀረበ። የፋብሪካ ክር ጠበቅ ብሎ የተጠመዘዘ፣ ሽመናውም የጠበቀ ስለ ሆነ ከእጅ ፈትል ይልቅ ስለታም እጥፋት ይይዛል፤ ካውያንም ይበልጥ ይሻል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከዚህ የከፋ ተፎካካሪ መጥቷል። ጥበቡ በማሽን የታተመበት፣ ከውጭ የሚገባ የፖሊስተር «የአገር ልብስ» በሽሮ ሜዳና በክልል ከተሞች ገበያ ይሸጣል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ከቦርሳ ሲወጣ ቀጥ ያለ ነው፤ ካውያ አይፈልግም። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ በዓሉ እየታወቀ በሄደ መጠን፣ በዓሉን የሚያስጌጠው ልብስ ከሸማኔው እጅ እየወጣ ከሄደ ነገሩ ያሳዝናል።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ገዢው ፖሊስተሩን የሚመርጠው በዋጋው ብቻ አይደለም። ብዙ ወጣቶች የእጅ ሸማ «ያስቸግራል፤ ይጨማደዳል፤ አጠባው አይመችም» ይላሉ። ይህ ቅሬታ መልስ የሚሻ ነው፤ መልሱም ከላይ በተዘረዘረው ልማድ ውስጥ ተቀምጧል። ሸማ የሚጨማደደው እንደ ፋብሪካ ሸሚዝ ሲታጠብ ነው። በማሽን ተጠማዝዞ ሲጨመቅ፣ በጠንካራ ሳሙና ሲገትር፣ በሣጥን ውስጥ ደርቆ ሲጨቆን ድርና ማጉ ይዛባል፤ ከዚያ በኋላ ካውያም በትክክል አይመልሰውም፤ የጥለቱንም ቀለም ሊጎዳ ይችላል።

የአያቶች ሥርዓት ግን በአራት ቃል ሊጠቃለል ይችላል። ሳያጣምሙ በጠፍጣፋው ማጠብ፤ ሳይጨምቁ ውሃውን ማንጠባጠብ፤ እርጥበቱ ሳይለቅ በሁለት ሰው ወጥሮ ማቃናት፤ በጥለቱ መስመር አጥፎ ከክብደት በታች ማሳደር። ለዚህ ኤሌክትሪክም ከሰልም አያስፈልግም። መብራት በሚቋረጥበት ከተማና ደኑ በተመናመነበት ገጠር ይህ ቁጠባ ቀላል አይደለም።

ለሙያው ባልደረቦች የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። የእጅ ሸማ ሲሸጥ የአያያዙ መመሪያ በአማርኛ ተጽፎ አብሮ ቢሰጥ፣ ገዢው በሁለት አጠባ ተስፋ ቆርጦ ወደ ፖሊስተር አይሄድም። በሙያ ትምህርት ቤቶች ስለ ካውያ አጠቃቀም የሚሰጠው ትምህርት ያለ ካውያ ስለ ማስተካከልም ቢጨምር፣ ተማሪው ከቤቱ የሚያውቀውን ነገር በሳይንስ ምክንያት ተደግፎ ያገኘዋል። በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ ያሉ አረጋውያን ስለ ፈትል፣ ስለ እንዶድና ስለ አጠባ የሚያውቁትን ሳይሞቱ መመዝገብም እንዲሁ አስፈላጊ ነው። እንዶድ ከልብስ አጠባ ወደ ሕክምና ምርምር የደረሰው አንድ የተማረ ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ ተራ የሚመስለውን ሥራ በትኩረት ስለ ተመለከተ ነው።

ካውያ ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑ አይካድም፤ በልክ ለተሰፋ ልብስ ይህ ዓይነት መሣሪያ የግድ ነው። ለሸማ ግን እንግዳ ነው። ሸማ ከሰው ትከሻ ሲወርድ የሚይዘው እጥፋት የለባሹን ወግ የሚናገር ሲሆን፣ ይህን ወግ የሚያውቅ ተመልካች እስካለ ድረስ ለሸማኔው ገዢ፣ ለፈታይዋም ሥራ አይጠፋም።